ቀድሞ የበራው በረንዳ

ከጎፋ እስከ ላፍቶ ስሜን ብትጠሩ አናጢ መሆኔን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ቀልደኛ መሆኔን ግን የማያውቅ ውሻ እንኳን አይገኝም። አንድ ጊዜ በአንድ ሰርግ ላይ ሳወራ የድንኳኑ ምሰሶ በሰው ሳቅ ተነቅሏል። አታምኑኝም? እንግዲያው ተነቃነቀ እንበልና እንስማማ። ምሰሶውን የተከልኩት እኔው ስለሆንኩ ሙያዬንም አብሬ ማዋረድ አልፈልግም።

ዛሬ የምነግራችሁን ነገር ግን ሳላጋንን ለመናገር እሞክራለሁ። ልማድ ነውና አንዳንድ ቦታ ያመልጠኝ ይሆናል፤ ታግሳችሁ እለፉኝ። ሐዘኑ ላይ ግን ከራሴ የጨመርኩት የለም፤ መጨመር ቢያስፈልገው ኖሮ እኔም እንዲህ ባልከበደኝ።

ጊዜው የደርግ መጨረሻ አካባቢ ነው። ወጣት ወንድ በአፈሳ እየታደነ ከሰፈሩ አልቆ፣ ኳስ ሜዳው ሣር አብቅሎ ፍየል የሚግጥበት ጊዜ። እኔ ሠላሳዎቹን ጀምሬ ነበር፤ ደግሞም ግራ እግሬ ከቀኙ ትንሽ ስለሚያጥር ለጦርነት አልተፈለግኩም። ሀገሬ ይህን እግሬን በመናቋ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ሥራዬ በረንዳ ነበር። የጎፋ ጭቃ ያኔ ጫማ ብቻ አልነበረም የሚያስቀረው፤ ቁርጭምጭሚትም ያስቀር ነበር። ስለዚህ ትንሽ ገንዘብ ያገኘ ሁሉ በር ላይ ከመሬት ከፍ ያለ የሳንቃ በረንዳ ያሠራል፤ ደረጃና የእጅ መደገፊያ ያለው። አብሮኝ የሚሠራ ከድር የሚባል የስልጤ ልጅ ነበረኝ፤ ሙያው ኤሌክትሪክ ነው። ከድር በሳምንት የሚናገረው እኔ ሳስነጥስ የማወራውን አያህልም። ሁለተኛው ጠባዩ ደግሞ መዋሸት አለመቻሉ ነው። በአናጢና በመብራት ሠራተኛ ዓለም ይህ እንደ አካል ጉዳት የሚቆጠር ነገር ነው።

አንድ ቀን በረንዳ የሠራሁለት ሰው ሚስቱ ማታ ደረጃው አልታይ ብሏት ወድቃበት ሊደበድበኝ መጣ። እየሸሸሁ ሳለ ሐሳብ መጣልኝ። ለምን መብራትም አንጨምርበትም? እኔ በረንዳውን ስጨርስ ከድር ሽቦውን ይዘረጋል፤ አንድ አምፑል ከጣሪያው ሥር፣ አንድ ደረጃው ላይ፣ አንድ ደግሞ የደጁ ምሰሶ ላይ። ደንበኛው አንዴ በእጃችን ገብቷል፤ ሳንቃ የገዛ ሰው ብርሃን አይገዛም?

አልገዛም። በየቤቱ እየዞርኩ ምላሴ እስኪደርቅ ለፈፍኩ፤ ሰው ሳቀብኝ እንጂ ያሠራኝ አልነበረም። ለካስ በዚያ ዘመን ደጁን የሚያበራ ሰው የለም። ሰዓት እላፊ ባለበት አገር የሁሉም ዓይን የሚያርፍበት ቤት መሆን ማን ይፈልጋል? በሰፈራችን ማታ ደጁ የሚበራ አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ለቅሶ ቤት። ሰው ሲሞት እድሩ ሽቦ ስቦ ደጅ ላይ አምፑል ያንጠለጥላል፤ ከሩቅ የሚመጣ ለቀስተኛም ማንንም ሳይጠይቅ በብርሃኑ ቤቱን ያገኘዋል። እኔ ይህን እያወቅሁ ሙያዬን ከለቅሶ ጋር የሚያገናኘው ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

የመጀመሪያዋ ደንበኛችን፣ የመጨረሻዋም፣ እትዬ ድንቅነሽ ሆኑ።

እትዬ ድንቅነሽ ከሆሳዕና ቅቤና ቆጮ እያስመጡ የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጸሎት ቤታቸው ስለተዘጋ ከጥቂት ጎረቤት ጋር መጋረጃ ዘግተው በሹክሹክታ የሚዘምሩ ሴት ነበሩ። ልጃቸው አልማዝ ሆሳዕና አስተማሪ ናት። ወንዱ ታረቀኝ ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ በአፈሳ ተይዞ ወደ ሰሜን ከተወሰደ ሁለት ክረምት አልፎታል።

ቤታቸው ስንሄድ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

"አንተ ነህ ያ ወሬኛው አናጢ?"

"ወሬው ትርፍ ነው እትዬ። ዋናው ሥራዬ አናጢነት ነው።"

"እኔ የሰማሁት ተገላቢጦሹን ነው" አሉና ሳቁ። ሲስቁ አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፤ ትከሻቸው ግን ሁሉን ነገር ያጋልጣቸዋል፤ ወፍጮ ላይ የተቀመጡ ይመስል ይንቀጠቀጣል። "በረንዳ እፈልጋለሁ። ልጄ ሲመለስ ጭቃ አይረግጥም።"

እኔም ቶሎ ብዬ የመብራቱን ነገር አመጣሁ። ሌላው ሰው ሁሉ የሳቀበትን እሳቸው ዝም ብለው ሰሙኝ።

"እስከ ውጭው ድረስ ያበራል?"

"እትዬ፣ ለቡ ድረስ ያበራል! የለቡ ገበሬ በእርስዎ መብራት ጤፉን ያርማል።"

"ለገበሬው አይደለም። ታረቀኝ ሲሄድ ይህ ሁሉ ቤት አልነበረም፤ አጥሩም አልነበረም። አመሻሽቶ ቢደርስ ቤቱ ይጠፋበታል።"

"የገዛ ቤቱ እንዴት ይጠፋዋል እትዬ?"

"ከጦር ሜዳ የሚመጣ ሰው ምን ምን እንደሚጠፋው አንተ በምን ታውቃለህ?"

እሳቸው "መብራቱም ይሠራ" አሉ። በማግስቱ ራሳቸው መርካቶ ወርደው አምፑሎቹን ገዙ። በውይይት ታክሲ ግፊያ እንዳይሰበሩባቸው ከገዙት ባቄላ መሐል ከተው፣ ዘንቢሉን ጭናቸው ላይ እንደ ሕፃን አቅፈው መጡ።

ሥራው ገና ከመጀመሪያው ቀን ደስ የሚል ነበር። እኔ ሚስማር እመታለሁ፣ አወራለሁ፤ እሳቸው ቆሎ ያቀርባሉ፣ ይስቃሉ፤ ከድር ጣሪያ ላይ ሆኖ ዝም ይላል። ልጃቸው ከሄደ ወዲህ እንዲህ ስቀው እንደማያውቁ ጎረቤቶች ሲነግሩኝ ደረቴ ተነፍቶ ሸሚዜ ጠበበኝ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ጋሽ ወልዴ መጡ። ጋሽ ወልዴ የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ረጅም፣ ደረቅ፣ በሕይወቴ ሙሉ በአንድ ቀልድ እንኳን ያላስፈገግኳቸው ብቸኛ ሰው። በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሻግረው፣

"ጌጡ፣ እስቲ አንዴ ወዲህ ና" አሉኝ።

ስለ እድሩ አግዳሚ ወንበር ሊያወሩኝ መስሎኝ መጋዜን እንደያዝኩ ወጣሁ። ከአጥሩ ጀርባ ባሕር ዛፎቹ ሥር ወሰዱኝ።

"ታረቀኝ ሞቷል።"

"የትኛው ታረቀኝ?" አልኩ። የማውቀው ታረቀኝ አንድ ብቻ ነበር።

"ትናንት ቀበሌ ጠርተው ነገሩን። አብሮት የነበረ የጎፋ ልጅም ቆስሎ ገብቷል፤ ሲወድቅ በዓይኑ አይቶታል። ከሞተ ወር አልፎታል።" ጋሽ ወልዴ ኮፍያቸውን አውልቀው አዩት፤ መልሰው አደረጉት። "መርዶው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ነው። አልማዝ ነገ ማታ ትገባለች፤ እናትሽን ትንሽ አሟቸዋል ብለን ልከንባታል። ልጃቸው አጠገባቸው ሳትኖር አይነገራቸውም። አክስትየዋ ሸዋዬም ነገ ከሀና ማርያም መጥተው እኔ ቤት ያድራሉ።"

"እንግዲያው እኔ ዕቃዬን ልሰብስብና ልሂድ።"

"ወዴት? ሥራ ጥለህ ብትሄድ ምን ሆነ ብለው ይጠይቃሉ። ጠይቀው ጠይቀው ይደርሱበታል። ሥራህን ሥራ፤ እንደ ልማድህም አጫውታቸው።"

"ጋሽ ወልዴ፣ እኔ ይህን አልችልም።"

"ሁልጊዜ አፍህን ዝጋ ስንልህ አትዘጋም፤ ዛሬ ክፈት ስንልህ ልትዘጋው ነው?" ሊሄዱ ዞር ካሉ በኋላ ተመለሱ። "ደግሞ በረንዳውን አጥብቀው። ብዙ ሰው ይቀመጥበታል። መብራቱም ቢደርስ ጥሩ ነው፤ እድሩ ሌላ አይስብም።"

እንዲህ ነው እንግዲህ የሠራሁት በረንዳ ለማን እንደሚሆን የሰማሁት።

ከድርን ጣሪያ ላይ ወጥቼ በጆሮው ነገርኩት። "ኢና ሊላሂ" ብሎ ቆርቆሮው ላይ ቁጭ አለ።

"እኔ መዋሸት አልችልም" አለኝ።

"አንተን ማን ተናገር አለህ? እንደ ወትሮህ ዝም በል። አንተ ዝም ስትል ማንም አይጠረጥርም፤ እኔ ዝም ያልኩ ቀን ነው አገር የሚሸበረው።"

ወረድኩ። እትዬ ድንቅነሽ የእጅ መደገፊያውን በመዳፋቸው እያሻሹ ቆመው ነበር።

"ጌጡ፣ ይሄ አጠረ።"

"ለእርስዎ ልክ ነው እትዬ።"

"ለእኔ ማን አለህ? ታረቀኝ ረጅም ነው። ሲሄድ ደግሞ ገና ልጅ ነበር፤ አሁን ይጨምራል። እንዲህ ሲደገፍ ክንዱ እዚህ ላይ ማረፍ አለበት" ብለው እጃቸውን አየር ላይ አስቀመጡ።

"ስንት ልጨምርበት?" አልኩ። ድምፄ የማን እንደነበር አላውቅም።

አሰቡ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ። "አንድ ጣት … ኧረ ሁለት ጣት አድርገው። የወታደር ቤት ምግብ ባይኖርም ዕድሜ ያሳድጋል።"

የተመታውን ሚስማር ሁሉ ነቅዬ መደገፊያውን በሁለት ጣት ከፍ አደረግሁት። ለካሁ፤ ደግሜ ለካሁ። ለሞተ ልጅ ክንድ ማረፊያ ለክታችሁ ታውቃላችሁ? መጋዙ ሲሄድና ሲመለስ የሚያወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እየለካሁም አወራ ነበር፤ አፌ ብቻውን ይሠራል፤ እሳቸውም ይስቃሉ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ሳቁ አላስቆም ብሏቸው ሳንቃው ላይ ተቀመጡና "በቃህ፣ ልትገድለኝ ነው!" አሉኝ። ከድር ከላይ ሆኖ ፒንሳውን ጣለ።

ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ደግ ሆነ። ይህ የእኛ ሰው ትልቁ ስሕተት ነው፤ ምስጢር ሲይዝ ደግነቱ ያሳብቅበታል። አንዷ ውሃ ቀድታ መጣች፤ አንዱ አጥሩን ያለ ጠያቂ ማጥበቅ ጀመረ። በዶሮ ምክንያት ከእትዬ ድንቅነሽ ጋር የተኳረፈችው ጎረቤት ደግሞ እንጀራ በሞሰብ ይዛ ከች አለች።

"ዛሬ ሰው ምን ነካው?" አሉኝ እትዬ ድንቅነሽ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ያቺ ሴትዮ እኮ ሳመችኝ! ጉንጬ ላይ እንባ ይሁን ምራቅ አንድ ነገር ጥላብኝ ሄደች።"

"መብራቱን ፈልገው ነው እትዬ። ነገ ሲበራ በር ላይ ቆመው በነጻ ሊሞቁ ነው።"

ሳቁ። ሲስቁ ግን ያቺ ሴትዮ የሄደችበትን አቅጣጫ ያዩ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት መብራቱ አለቀ። የቀረው ከቆጣሪው ሥር የምትገባው፣ ያለሷ መብራት የማይመጣባት ትንሿ ቫልቮላ ብቻ ነበረች። እኔና ከድር ዕቃ መሰብሰብ ጀመርን። ቀኑ እንዲሁ ቢያልቅልን ምንኛ በወደድን!

"የት ልትሄዱ ነው?" አሉ እትዬ ድንቅነሽ። "ሳታበሩልኝ?"

"ነገ ይሻላል እትዬ። ሽቦው መድረቅ አለበት።"

"ሽቦ ቀለም ነው እንዴ የሚደርቀው?"

"ማለቴ … ቫልቮላው የለም። ከድር ነገ ይገዛል።"

ወደ ከድር ዞሩ። "ከድር፣ ልጄ፣ ቫልቮላው የለህም?"

ከድር እኔን አየ፣ መሬቱን አየ፣ ሰማዩን አየ። ከዚያ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ቫልቮላዋን አወጣና በመዳፉ ላይ አድርጎ ዘረጋላቸው። ሰርቆ ቢያዝ እንኳን እንዲህ አያፍርም ነበር።

"እኔ ላይ እንኳን ትቀልዳለህ አይደል?" አሉኝ እየሳቁ። "ጎረቤቱን ጥሩልኝ። ከትናንት ጀምሮ ደግ የሆነልኝ ሰው መብራቱን አብሮኝ ይመርቅልኝ።"

ወደ ጋሽ ወልዴ ቤት ሮጥኩ፤ አጭሯን እግሬን እንኳን ረስቻት ነበር። ነገርኳቸው።

"ይብራ" አሉ። "እምቢ ብንል ይጠረጥራሉ። አልማዝ እስክትገባ ሰብሰብ ብለን አጠገባቸው ብንቆይ ይሻላል። ሲመሽ አጥፍተን እንበተናለን።"

ጥሩ ሐሳብ ነበር። ያን ቀን ሁላችንም የነበረን ሐሳብ ጥሩ ሐሳብ ብቻ ነበር።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ወንዶቹ ጋቢ ደርበው፤ እምቢ ማለት ያልቻለ ሁሉ መጣ። ጋሽ ወልዴ ለቅዳሜው ብለው በጠዋቱ ከአጥሩ ጀርባ ያስጠጉትን የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች አንስተን በረንዳው ላይ ደረደርናቸው፤ ሰዉም ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ በተርታ ተቀመጠ። ማንም አያወራም። ከድር ቫልቮላዋን ከተተ። ማብሪያውን የተጫኑት ራሳቸው እትዬ ድንቅነሽ ናቸው።

በራ።

አቤት እንዴት እንደበራ! የጎፋ ጭቃ ሲያምር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ወርቅ ያፈሰሱበት ይመስል እስከ መንገዱ ድረስ አብረቀረቀ። ግን ብርሃኑ የሰዉንም ፊት አወጣው። ሁለት ቀን ተደብቆ ሲያለቅስ የከረመ ዓይን ሁሉ ቀልቶና አብጦ በተርታ ታየ። እትዬ ድንቅነሽ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መብራቱን እያዩ "ጌታ ይመስገን፣ ጌታ ይመስገን" ሲሉ ቆዩና ዘወር አሉ።

"ምነው አኮረፋችሁ? መብራት ስታዩ የመጀመሪያችሁ ነው? ጌጡ፣ እስቲ አስቃቸው!"

ጋሽ ወልዴ በዓይናቸው አዘዙኝ። ቆምኩ።

"ይህ መብራት ሲበራ ለቡ ያሉ ዶሮዎች ነጋ ብለው ጮኹ" አልኩ። "ገበሬው ተነሥቶ በሬውን ጠመደ። በሬው ግን አልተታለለም፤ 'ጌታዬ፣ ይህ የእትዬ ድንቅነሽ በረንዳ ነው፣ ተመልሰህ ተኛ' አለው። ቀበሌያችን ደግሞ ጨረቃ ያለ ፈቃድ ወጥታለች ብሎ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። ስብሰባው ላይ ጨረቃ ሂስ ዋጠች፤ 'ጓዶች፣ እኔ አይደለሁም፣ የከድር ሥራ ነው' ብላ …"

ሳቁ። ሁሉም ሳቁ፤ ቀልዱ ከሚገባው በላይ ሳቁ። እንደዚያ ያለ ሳቅ አይታችሁ አታውቁም፤ እንባውን በሳቅ አሳብቦ የሚያፈስ ሕዝብ ነበር። እትዬ ድንቅነሽ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ አጠገቤ ያለውን ምሰሶ ይዘው ሳቁ።

ከመንገዱ ላይ ጩኸት ተሰማ።

"ወየው! ወየው! ወየው!"

በኋላ እንደተረዳነው እትዬ ሸዋዬ፣ የታረቀኝ አባት እህት፣ ለጎህ ለመድረስ ከሀና ማርያም በእግራቸው መጥተው ወደ ጋሽ ወልዴ ቤት በዝምታ እያለፉ ነበር። ከርቀት ያዩት ግን የበራ ደጅ ነው፤ የእድር ወንበር ነው፤ በነጠላና በጋቢ በተርታ የተቀመጠ ሰው ነው። በዚያ ሰፈር ይህ አንድ ትርጉም ብቻ አለው። መርዶው ቀድሞ ተነግሯል ብለው አሰቡ፤ ማንም ለቀስተኛ እንደሚያደርገው ከሩቁ እየጮኹ መጡ።

እትዬ ድንቅነሽ ሳቃቸውን አቋረጡ። "ኧረ ምንድን ነው? … የሸዋዬ ድምፅ ነው እኮ! ምን ሆና ነው? ማን ሞቶባት ነው?"

ማንም አልተነሣም። ጋሽ ወልዴ ብቻ ክንዳቸውን ያዟቸው።

"ልቀቁኝ እንጂ! ሰው ሐዘን ላይ ሆኖ እየጮኸ እንዲህ ተጎልታችሁ ታያላችሁ?" አሉና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው በሠራሁላቸው ደረጃ ወረዱ። ሊያጽናኗቸው ሮጡ። ደጁ ላይ እትዬ ሸዋዬን አቀፏቸው። "አይዞሽ እህቴ፣ አይዞሽ፣ ማን ነው? ንገሪኝ፣ ማን ነው?"

እትዬ ሸዋዬ አንገታቸው ላይ ተጠምጥመው "ታረቀኝን አጣነው እኮ! የወንድሜን ዓይን፣ ታረቀኝን!" አሉ።

እትዬ ድንቅነሽ አልጮኹም። ከእቅፉ ቀስ ብለው ወጡና ወደ በረንዳው ዞሩ። ያን ሁሉ ሰው ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው አዩ። አንድ የደነገጠ ፊት ፈለጉ፤ አንድ ሰው "ምን አለች?" ብሎ እንዲነሣ ጠበቁ። አልነበረም። መብራቱ ጥሩ ነበር፤ ሁሉንም ፊት አሳየላቸው። ያወቁት ያኔ ነው፤ ከእትዬ ሸዋዬ አፍ ሳይሆን ከእኛ ፊት።

ዓይናቸው በመጨረሻ እኔ ላይ ደረሰ። እኔ ገና ቀልዱን ስጀምር እንደዘረጋሁት እጄን ዘርግቼ ቆሜ ነበር።

"ጌጡ … አንተም?"

የዘረጋሁትን እጄን አወረድኩ።

"ታዲያ ያን ሁለት ጣት ለማን ነበር ስትለካልኝ የዋልከው?"

ከዚያ በኋላ ነው የጮኹት። እሱን አልጽፈውም።

አልማዝ የመጣችው ጩኸቱ ትንሽ በረድ ብሎ ሁሉም ድምፁን በጨረሰበት ሰዓት ነው። ከታክሲ ስትወርድ የበራውን ደጅ አየች። እናትሽን አሟቸዋል ተብላለችና እናቷ የሞቱ መሰላት። ሻንጣዋን ጭቃው ላይ ጥላ እየሮጠች ገባችና እናቷን በሰው መሐል ቁጭ ብለው አየቻቸው። "እማዬ! አለሽ! አለሽ እንዴ እማዬ!" ብላ ሳቀች፤ ፊታቸውን በሁለት እጇ ይዛ እየሳቀች ሳመቻቸው። ለአንድ አፍታ በዚያ ግቢ ውስጥ ደስተኛ የነበረች እሷ ብቻ ናት። ሊነግራት የደፈረ ሰው አልነበረም። እናቷ ራሳቸው ነገሯት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ እንደታዘዘው ወጥቶ ነፋ። የሚሰማው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ነፋ።

ለቅሶው ላይ ሁለት ቀን ከደጅ ቆምኩ። በሦስተኛው ቀን እትዬ ድንቅነሽ አስጠሩኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ጥቁር ለብሰው አንሰዋል።

"ማንም እንዳይወቅስህ ተናግሬአለሁ" አሉኝ። "ታዘህ ነው። እነሱም ለእኔ ብለው ነው።"

"እትዬ …"

"አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ልጄ ከሄደ ስቄ አላውቅም ነበር። ያሳቅኸኝ አንተ ነህ። ልጄ አፈር ለብሶ እኔ በረንዳ ላይ ስስቅ ሰነበትኩ። ያን ሳቅ ምን ላድርገው? ልመልሰው ብል ለማን ልመልሰው?"

ተሳልቀውብኝ አልነበረም፤ የእውነት ጠይቀውኝ ነው። ጉልበቴን እያየሁ ተቀመጥኩ። ሌላ ለቀስተኛ ገባ፤ ቦታ ለቀቅሁ። እትዬ ድንቅነሽ ከዚያ በኋላ ለሰላምታ ይቆማሉ፤ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ፤ ያልፋሉ። ቤቱን ሸጠው አልማዝ ዘንድ እስኪሄዱ ድረስ እኔ ፊት ሲስቁ አላየኋቸውም። ሌላ ቦታም ሳቁ የሚል ሰው አላገኘሁም።

የመብራቱ ሥራ በዚያው ቀረ። ከድር አምፑሎቹን ሲፈታ አንዱን ሰበረውና ሽቦውን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ገባ። እኔም በረንዳ መሥራት ተውኩ። በርና መስኮት እሠራለሁ፤ በርና መስኮት ላይ ሰው ተሰብስቦ አይቀመጥም።

አሁን እንግዲህ እናንተ አንባቢዎቼ እንድትፈርዱ አይደለም ይህን ያወራሁት። መርዶ ጎህ ሳይቀድ አይነገርም ያለው ሰው ክፉ አልነበረም። እናት አንዲት ሌሊት ተጨምራላት በሰላም ትተኛ፣ ሲነገራትም የሚይዛት ዘመድ አጠገቧ ይኑር ብሎ ያሰበ ሰው ነው። ጋሽ ወልዴም ክፉ አልነበሩም። ግን የሚያውቀው ሰው በማያውቀው ሰው ፊት ያን ሌሊት እንዴት ይደር? ለዚህ ሥርዓት የሠራልን የለም። ሞት የተሰማ ቀን ወዲያው ይነገር ብዬ ልመክራችሁም አልደፍርም፤ የተነገራቸውንም አይቻለሁ። ብዙ ዓመት አሰብኩበት፤ መውጫ አላገኘሁለትም።

ለእኔ ግን አንድ ነገር ተበላሽቶ ቀረ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ሲስቅልኝ ደስ ብሎት ይመስለኝ ነበር። አሁንም እቀልዳለሁ፤ ሰዉም ይስቃል፤ እኔ ግን ቆሜ የሳቂዎቹን ዓይን እቆጥራለሁ። ማን ቀላ? ማን አበጠ? በተለይ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ከሚገባው በላይ ሲስቁ ቀልዴን አቋርጣለሁ።

ባለፈው ባለቤቴን ቁጭ አድርጌ አስማልኳት። "ስሚ" አልኳት፣ "የእኔ የሆነ ሰው ቢሞት ያኔውኑ ንገሪኝ። ጎህ አትጠብቂ፣ ዘመድ አትጥሪ፣ የሚያጫውተኝ ሰውም አትላኪብኝ።"

"አንተን ደግሞ ማን ችሎ ያጫውታል?" አለችና ሳቀች።

ደግ ሳቅ ነበር። ቢሆንም ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙሬ በብርሃኑ ዓይኗን አየሁት። እሷም ገባት መሰለኝ፤ አልተቆጣችም። አይቼ እስክጨርስ ድረስ ዝም ብላ ቆመችልኝ።